«ቀይ ነው» ወይስ ቢጫ? የአራስ ልጅን የወፍ በሽታ ለይቶ ለማወቅ የሚረዳ ዝርዝር መመሪያ

ሁለተኛው ልጄ ሦስተኛ ቀኑን ይዞ ነበር። እማዬ መስኮቱ ላይ የሰቀለችውን ጋቢ ገለጥ አደረግሁት። ሐምሌ ነው። ደሴ ጉም ለብሳለች፤ የጦሳ ተራራ የት እንዳለ እንኳን አይታይም። የገባው ብርሃን ፈዘዝ ያለ ነበር፤ ግን በቂ ነበር። ልጁን ወደ መስኮቱ አስጠጋሁትና አፍንጫውን በጣቴ ጫን አድርጌ ለቀቅሁት። የተጫንኩበት ቦታ ቢጫ ሆኖ ታየኝ።

«ምን ሆነሻል? ቀይ ልጅ እኮ ነው። አባቱን ወጥቶ ነው» አለች እማዬ።

ሁለት ቀን ሙሉ በአምፖል ብቻ ስናየው የነበረ ልጅ ነው። ጠያቂው ሁሉ «ወርቅ የመሰለ ልጅ» እያለ መርቆ ወጥቷል። ወርቅ መምሰሉስ እውነት ነበር።

ሐኪም አይደለሁም። ከዚያ ወዲህ ግን በራሴም፣ ኮምቦልቻ ባለችው እህቴም ልጅ ምክንያት ነገሩን ደጋግሜ ጠይቄ ተምሬዋለሁ። ያን ቀን ባውቀው ኖሮ የምለውን ነው እዚህ የምጽፈው።

ቢጫው ከየት ይመጣል?

ሰው «የወፍ በሽታ» ይለዋል፤ ሐኪሞች ጆንዲስ። ስሙ ትንሽ ያሳስታል። ትልቅ ሰው ላይ የወፍ በሽታ ሲባል ብዙ ጊዜ የጉበት ሕመም ነው። አራስ ልጅ ላይ ግን አብዛኛውን ጊዜ ጉበቱ ታሞ ሳይሆን ሥራውን ገና ስላልለመደ ነው። ወፍም በላዩ አላለፈችበትም።

ልጅ ማህፀን ውስጥ ሳለ ብዙ ቀይ የደም ሴል ይዞ ነው የሚያድገው። የሴሎቹ ዕድሜ ከትልቅ ሰው ያጠረ ነው። ሲፈርሱ ቢሊሩቢን የሚባል ቢጫ ነገር ይወጣቸዋል። ማህፀን ውስጥ እያለ ይህንን የምታስወግድለት እናቱ ነበረች፣ በእንግዴ ልጁ በኩል። ሲወለድ ሥራው የራሱ ጉበት ላይ ይወድቃል። ጉበቱ ያጣራውን ወደ አንጀት ይልካል፤ ከዚያ ከሰገራ ጋር ይወጣል። ልጁ በደንብ ካልጠባ አይጸዳዳም። ካልተጸዳዳ ደግሞ ቢጫው ከአንጀት ተመልሶ ደም ውስጥ ይገባል። ይህቺን ያዙልኝ፤ ጡት ላይ ስንደርስ ታስፈልገናለች።

ቀናቸው ደርሶ ከሚወለዱት 60 በመቶ ያህሉ፣ ቀናቸው ሳይደርስ ከሚወለዱት ደግሞ 80 በመቶ ያህሉ በመጀመሪያው ሳምንት ቢጫ ይሆናሉ። አብዛኛው በራሱ ይጠፋል። ስለዚህ አብሽሩ። ጣጣው ጥቂቶቹ ላይ ነው። ቢሊሩቢኑ ከልክ ሲያልፍ ወደ አንጎል ይገባል፤ እዚያ የሚያደርሰው ጉዳት አይመለስም። ልጁ መስማት ሊሳነው፣ እጅ እግሩን እንደልቡ ማዘዝ ሊያቅተው ይችላል። በጊዜ ከተደረሰበት ግን ብዙውን ጊዜ በሐኪም ቤት ሰማያዊ መብራት የሚድን ነገር ነው።

1. የተወለደበትን ሰዓት ጻፉ

ቀኑን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱን። ግድግዳ ላይ ይሁን ስልካችሁ ላይ፣ ጻፉት።

ሐኪም ቤት ስንደርስ ነርሷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እናቱ፣ ቢጫው መቼ ነው የጀመረው?» ብላ ነው። መልስ አልነበረኝም። ሁለት ቀን ጨለማ ቤት ውስጥ ነበርና። ዛሬም መልሱን አላውቀውም።

ጥያቄው ዝም ብሎ የወግ አይደለም። አንድ ዓይነት ቢጫ፣ አንዱ ቀን ላይ ምንም ማለት አይደለም፤ ሌላው ቀን ላይ አደጋ ነው። በተወለደ በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ ከታየ ትንሽም ብትሆን አደጋ ናት። ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁ ሂዱ። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ጀምሮ ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ድረስ ከጨመረ፣ ከዚያ እየቀነሰ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከጠፋ የተለመደው ነው። 14 ቀን ሞልቶትም ካልለቀቀው እንደገና መታየት አለበት። ቀኑ ሳይደርስ የተወለደ ልጅ ላይ እስከ ሦስት ሳምንት ሊዘልቅ ይችላል፤ እሱንም ቢሆን ባለሙያ እያየው።

አሁን ስሌቱን ተመልከቱ። ጤና ተቋም የወለደች እናት ሁሉ ነገር ደህና ከሆነ 24 ሰዓት ቆይታ ወደ ቤቷ ትላካለች። ቢጫው ጣራ የሚነካው በሦስተኛውና በአምስተኛው ቀን መካከል ነው። ማለትም ነርሷ በሌለችበት፣ ገንፎው በሚገነፋበት፣ ጠያቂው በሚጎርፍበት ሰዓት። የሦስተኛው ቀን ቀጠሮ የተቀመጠው በከንቱ አይደለም። «ልጁ ደህና ነው» ብላችሁ አትቅሩ። መውጣት ካልሆነላችሁ የቀበሌያችሁን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ቤት ድረስ ጥሯት።

2. በቀን ብርሃን እዩት

የዚህ ጽሑፍ ዋናው ነገር ይሄ ነው።

የእኛ አራስ ቤት ጨለማ ነው። ምች እንዳይመታት፣ የሰው ዓይን እንዳይገባበት፣ ብርድ እንዳይመታው ተብሎ መስኮት ይሸፈናል። ደሴ ላይ ብርዱ እውነት ነው፤ ከተማዋ ወደ 2500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከእናቶቻችን ጋር ጠብ አያስፈልግም። ጋቢውን አውርዱት አልልም። በቀን ሁለቴ ግለጡት።

መብራቱን አጥፉ። ቢጫ አምፖል ቢጫ ልጅን ይደብቃል፤ ደህናውን ልጅ ደግሞ ቢጫ ያስመስለዋል። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ ልጁን ወደ መስኮቱ አስጠጉት። ፀሐይ ቀጥታ ያረፈበት ቦታ አይሁን። ቢጫ ወይም ብርቱካናማ ብርድ ልብስና ኮፍያ ካለ ለጊዜው አንሱለት፤ ቀለማቸው ፊቱ ላይ ያርፋል። ቤቱ ይሙቅ፣ በርም ይዘጋ።

ከዚያ በሌባ ጣታችሁ ግንባሩን ጫን አድርጉና ልቀቁ። ጣታችሁን ባነሳችሁበት ቅጽበት፣ ደሙ ከመመለሱ በፊት ያለውን ቀለም ነው የምትፈልጉት። ነጣ ካለ ጥሩ። ቢጫ ከሆነ ያ ነው። አፍንጫው ላይም ድገሙት፤ ደረቱ ላይም።

ልጁ ጠይም ወይም ጥቁር ከሆነ ቆዳው ላያሳያችሁ ይችላል። የዓይኑን ነጭና ድዱን እዩ። አራስ ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ አልከፍትም ይላል። በጣት አታስገድዱት። ጭንቅላቱን ደግፋችሁ ቀና ስታደርጉት ብዙ ጊዜ ራሱ ይገልጣል። ድዱን ለማየት ደግሞ በታጠበ ጣት ጫን አድርጎ መልቀቅ ነው።

በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አዲስ አበባ ላለ ዘመድ በቴሌግራም ልካችሁ «ምን ይመስልሃል?» አትበሉ። ስልክ ቀለም ያሳምራል።

3. እስከ የት ወርዷል?

ቢጫው ከፊት ጀምሮ ወደ ታች ነው የሚወርደው። ፊት፣ ደረት፣ ሆድ፣ ጭን፣ በመጨረሻም መዳፍና ውስጥ እግር። ስለዚህ የልጁን ካልሲ አውልቁ። ብዙ ሰው ፊቱን አይቶ ይተወዋል፤ እግሩ እንደተጠቀለለ ነው።

መዳፉ ወይም የውስጥ እግሩ ቢጫ ከሆነ በማንኛውም ዕድሜ ላይ ቢሆን ከባድ ነው። ጤና ጣቢያ ያሉ ባለሙያዎችም በዚህ ነው የሚለዩት። ፊቱ ላይ ብቻ ስለቀረ ግን ቀላል ነው ብላችሁ አትደምድሙ። ዓይን ይሸወዳል፤ የለመደ ሐኪምም ዓይን ይሸወዳል። ትክክለኛውን ልክ የሚነግረው የደም ምርመራ ነው።

4. ጡትና ሽንት ጨርቅ

ቅድም ያዙልኝ ያልኳችሁ እዚህ ነች። የሚጠባ ልጅ ይጸዳዳል፤ የሚጸዳዳ ልጅ ቢጫውን ያወጣል። የመጀመሪያው ጥቁር ዝልግልግ ሰገራ ብዙ ቢሊሩቢን የያዘ ነው። እንገር ደግሞ ያንን ጠርጎ ያወጣል። እንገርን «ቆሻሻ ነው» ብሎ ጨምቆ የሚያፈስ ሰው ዛሬም አለ። እንገሩን እያፈሰሰ ቅቤ የሚያልስም አለ። ስኳር ውኃም፣ የአብሽ ውኃም፣ ቅቤም ለአራስ ልጅ አይሰጥም። ሆዱን ይሞሉታል እንጂ ቢጫውን አያወጡለትም። እናትየው አብሽ ብትጠጣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ትጠጣ።

በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ። «ተኝቷል፣ አትቀስቅሱት» የሚባለው ምክር ለዚህ ሳምንት አይሠራም። ቢጫ የሆነ ልጅ እንቅልፋም ይሆናል፤ ሲተኛ አይጠባም፤ ሳይጠባ ቢጫው ይብሳል። ከጠባ ሦስት ሰዓት ካለፈው ቀስቅሱት። ልብሱን ቀለል አድርጉለት፣ እግሩን ኮርኩሩት፣ ዳይፐሩን ቀይሩ። ጡት ይዞ ወዲያው የሚያሸልብ ከሆነ ጡታችሁን በእጅ ጨመቅ ጨመቅ እያደረጋችሁ አጥቡት።

ሽንት ጨርቁን ቁጠሩ። በመጀመሪያው ቀን ቢያንስ አንድ እርጥብ፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው ሦስት፣ ከአምስተኛው ቀን ጀምሮ ስድስትና ከዚያ በላይ። ሰገራው ከጥቁር ወደ አረንጓዴ፣ በአራተኛ በአምስተኛ ቀን ገደማ ወደ ቢጫ መለወጥ አለበት። አምስተኛ ቀኑ ሆኖ አሁንም ጥቁር ከሆነ በቂ ወተት እያገኘ አይደለም። አጠባቡን ባለሙያ ትይላችሁ።

በነገራችን ላይ፣ ከታላቁ የተረፈውን የሕፃን ልብስ ከነናፍታሊኑ ከሻንጣ አውጥታችሁ እንዳታለብሱት። አንዳንድ ልጆች በተፈጥሮ ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም ያንሳቸዋል። እነሱ ላይ የናፍታሊን ሽታ ብቻውን ቀይ የደም ሴል ሊያፈርስ ይችላል። ልብሱ ይታጠብ፣ ይናፈስ፣ ናፍታሊኑም ከአራስ ቤት ይውጣ።

5. ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

እነዚህን ካያችሁ «ነገ ጠዋት» የለም፦

- ቢጫው በመጀመሪያው 24 ሰዓት ከታየ፣ ወይም መዳፍና ውስጥ እግር ከደረሰ
- ጡት እምቢ ካለ፣ ወይም ቀስቅሳችሁት አልነቃ ካለ
- ገላው ዝልፍልፍ ካለ፣ ወይም በተቃራኒው ግትር ብሎ ጀርባውንና አንገቱን ወደ ኋላ ከለጠጠ
- ለቅሶው ከወትሮው ተለይቶ ቀጭንና ሰርሳሪ ከሆነ
- ካተኮሰ፣ ሰውነቱ ከቀዘቀዘ፣ ካንቀጠቀጠው ወይም ትንፋሹ ከተቆራረጠ

ምልክት ባይታይባቸውም ቶሎ መታየት ያለባቸው ልጆችም አሉ። ቀናቸው ሳይደርስ የተወለዱ፤ በቫኪዩም ተስበው የወጡና ጭንቅላታቸው ላይ የደም እብጠት ያለባቸው፤ ታላቃቸው በዚሁ ምክንያት መብራት ሥር የተኛ፤ የእናታቸው የደም ዓይነት ኦ የሆነ ወይም አር ኤች ኔጌቲቭ የሆነ።

ቅጠል መጭመቅና ክንድ መተኮስ ላይ ብዙ አልልም። የሚያስከፍሉት ጊዜ ነው፤ ይህ ልጅ ደግሞ ያለው በሰዓት የሚቆጠር ጊዜ ነው።

6. ጉዞው

ደሴ ያላችሁ ወደ ደሴ ሆስፒታል ለመድረስ ባጃጅ ይበቃችኋል። ኮምቦልቻ ያላችሁ ግን ብዙ ጊዜ ሪፈር ተጽፎላችሁ የሐረጎን ዳገት መውጣታችሁ አይቀርም። መንገዱ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ነው፤ ሩቅ አይደለም። ግን ከ1900 ሜትር በታች ካለ ሞቃት ከተማ ተነስታችሁ ጉም ውስጥ ነው የምትገቡት። እህቴ ልጇን በስስ ጨርቅ ጠቅልላ ወጥታ ላይኛው ጠመዝማዛ ላይ ሲደርሱ እግሩ በረዶ ሆኖ አገኘችው። ኮፍያና ካልሲ አድርጉለት፤ ዳይፐር ብቻ አድርጋችሁ ደረታችሁ ላይ ገላ ለገላ አስተኙት፤ በላዩ ላይ ጋቢ ደርቡ። ከመነሳታችሁ በፊት አጥቡት፤ መንገድ ላይም አጥቡት። መኪና ከጠፋ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

የእናትየውን የክትትል ካርድ አትርሱ። የደም ዓይነቷ እዚያ ላይ ተጽፏል።

ሐኪም ቤት ስትደርሱ የተወለደበትን ሰዓት፣ ቢጫው የታየበትን ቀን፣ ስንት ጊዜ እንደጠባና እንደሸና ይጠይቋችኋል። የተጻፈ ነገር ካላችሁ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ደም ተወስዶ ቢሊሩቢኑና የልጁ የደም ዓይነት ይታያል። የእኔ ልጅ ቢሊሩቢን 17 (ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር) ሆኖ ተገኘ፤ ትልቅ ሰው ላይ በተለምዶ ከ1 ብዙም አይበልጥም። የእኔ ደም ኦ፣ የእሱ ኤ ነው። የእኔ ደም የእሱን እንደ ባዳ ቆጥሮ ሴሎቹን እያፈረሰበት ነበር። ቁጥሩ ብቻውን ግን አይፈረድበትም። 17 በሁለተኛው ቀንና 17 በአምስተኛው ቀን አንድ አይደሉም። ሐኪሙ ከልጁ ዕድሜ ጋር በሰዓት አስተያይቶ ነው የሚወስነው። «ስንት ሰዓቱ ነው?» የሚለው ጥያቄ እዚህም ይመጣል።

ሰማያዊው መብራት

ልጁ በዳይፐር ብቻ ሆኖ፣ ዓይኑ ተሸፍኖ፣ ሰማያዊ መብራት ሥር ይተኛል። መጀመሪያ ስታዩት ሆድ ይበላል። አያሳምመውም። ብርሃኑ ቆዳው ውስጥ ያለውን ቢሊሩቢን ቅርጹን ይለውጠዋል፤ ያኔ ጉበቱን ሳይጠብቅ በሐሞትና በሽንት ይወጣል።

የእናትየው ሥራ ግን አያበቃም። በየሁለት ሦስት ሰዓቱ አውጥታችሁ አጥቡት፤ ለማጥባት መውጣቱ ሕክምናውን አይጎዳም። የዓይን መሸፈኛውን ጠብቁ። የእኔ ልጅ ጭንቅላቱን እያሻሸ ሌሊቱን ሙሉ ወደ አፍንጫው ሲያወርደው ነበር። አፍንጫው ላይ ከወረደ ትንፋሹን ይዘጋል። እኔ ወንበር ላይ ሆኜ እሱን ስመልስ ነጋ። ሰገራው ቀጠን ብሎ አረንጓዴ ቢሆን አትደንግጡ፤ ቢጫው እየወጣ ነው። አንሶላ ወይም ነጠላ በላዩ አትጣሉበት፤ ብርሃኑ የሚሠራው ያገኘውን ቆዳ ብቻ ነው።

አንድ ቀን ካለፈ በኋላ እማዬ «ነጣ! በቃ ውጡ» አለች። መብራት ሥር የቆየ ልጅ ቆዳው ቶሎ ይነጣል፤ ደሙ ውስጥ ያለው ግን ገና ሊሆን ይችላል። ከዚህ በኋላ የሚታመነው ምርመራው ብቻ ነው። እኛ ሁለት ቀን ቆየን። ከወጣን በማግሥቱም ተመልሰን አሳየን፤ አንዳንዴ መልሶ ይጨምራልና። መብራቱ ካልበገረው ደም መለወጥ የሚባል ሕክምና አለ፤ ከባድ ስለሆነ ብዙም አይደረስበትም።

«ፀሐይ አሙቁት» ስለሚባለው

መጀመሪያ ያየን ክሊኒክ፣ ስሙን አልጠራም፣ «ጠዋት ጠዋት ፀሐይ አሙቂው» ብሎ ነበር የመለሰን። ሐምሌ፣ ደሴ ላይ! የትኛዋን ፀሐይ?

ምክሩ ግን ከሰማይ አልወረደም። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1956 እንግሊዝ አገር ሮችፎርድ ሆስፒታል ውስጥ ጄን ዋርድ የምትባል ነርስ ሕፃናቱን ግቢ አውጥታ ፀሐይ ታሞቅ ነበር። አንድ ቀን አንዱን ሕፃን ገልጣ ለሐኪሞቹ አሳየቻቸው። ገላው ፈዘዝ ብሏል፤ አንዲት ባለ ሦስት ማዕዘን ቦታ ግን ደማቅ ቢጫ ናት። የአንሶላው ጫፍ ሸፍኗት የነበረች ቦታ ነች። በ1958 ሪቻርድ ክሬመር የሚባል ሐኪምና ባልደረቦቹ በመብራት የማከሙን ውጤት አሳተሙ። የዛሬው ሰማያዊ መብራት የመጣው ከዚያ ነው።

እንግዲህ ፀሐይ ምንም አታደርግም አይባልም። ግን ስንት እንደሰጣችሁት አታውቁም። ራቁቱን ስታወጡት ኮምቦልቻ ላይ ያቃጥለዋል፣ ደሴ ላይ ይበርደዋል። ከሁሉ የከፋው ደግሞ «እያሞቅነው ነው» እያላችሁ ሦስት ቀን ማለፉ ነው።

ሾተላይ

ልጅ እየሞተባት «ሾተላይ አለባት» የተባለች ሴት በየሰፈሩ አለች። ብዙ ጊዜ ነገሩ ደም ነው። የእናትየው ደም አር ኤች ኔጌቲቭ፣ የልጁ ፖዘቲቭ ሲሆን የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ያመልጣል። የእናትየው ደም ግን በዚያ ወሊድ የልጁን ደም መዋጋት ይማራል፤ የሚጎዱት ተከታዮቹ ናቸው። መከላከያ መርፌ አለው፤ አንቲ ዲ ይባላል። ከወለደች በ72 ሰዓት ውስጥ መወጋት አለባት። ውርጃ ካጋጠማትም እንዲሁ። ስለዚህ የደም ዓይነታችሁን ከመውለዳችሁ በፊት እወቁ። ኔጌቲቭ ከሆነ መርፌው የት እንደሚገኝ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ምጥ ከመጣ በኋላ መድኃኒት ቤት ለመድኃኒት ቤት መዞር ይከብዳል።

ሁለት ሳምንት ካለፈው

ጥሩ የሚጠባ፣ ክብደቱ የሚጨምር ልጅ በእናት ጡት ወተት ምክንያት ቢጫነቱ ሁለትና ሦስት ወር ሊቆይ ይችላል። ጉዳት የለውም፤ ጡትም አይቋረጥም። ግን ይህን የሚወስነው ባለሙያ ነው፤ ጎረቤት አይደለም።

በዚህ ዕድሜ ዳይፐሩን እዩ። የአራስ ልጅ ሽንት ውኃ የመሰለ ነው። ጨርቁን ቢጫ እያቀለመ ከሆነ፣ ሰገራው ደግሞ እንደ ነጭ ጭቃ ወይም እንደ ሊጥ ከነጣ፣ የሐሞት ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ይህ ቀዶ ሕክምና የሚፈልግ ነገር ነው፤ 60 ቀን ሳይሞላው ሲሠራ ነው ውጤቱ የተሻለ የሚሆነው። እንዲህ ያለ ነገር ካያችሁ ጨርቁን አትጠቡት። ፌስታል ውስጥ አድርጋችሁ ከልጁ ጋር ይዛችሁት ሂዱ፤ ሐኪሙ ቀለሙን ራሱ ይየው።